የወሎ ኦፓል ቀለበቴ ዕቃ ሳጥብ መስታወት ሆነብኝ፤ ተታልለን ይሆን?

የቤዛ እናት (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦
ሰላም ለዚህ ቤት። አክስቴ ከደሴ በሰው እጅ የላከችልኝ የኦፓል ቀለበት አለኝ። ነጭ ነው፤ እጄን ባዘነበልኩ ቁጥር አረንጓዴና ብርቱካንማ ብልጭ ይላል። ቅዳሜ እንግዶች ሲሄዱ ሳላወልቀው አንድ ሰዓት ያህል ድስትና ሰሃን አጠብኩበት። ስጨርስ ድንጋዩ እንደ መስኮት መስታወት ጠርቷል፣ ከሥሩ ያለው ብር ሳይቀር ይታያል። ቀለሙ የለም! እዚህ አንድ ወርቅ ቤት ባሳይ፣ «እውነተኛ ኦፓል ውሃ ነክቶት እንዲህ አይሆንም» አሉኝ። አክስቴን ደግሞ እንዴት ብዬ ልጠይቃት?

አቤል23፦
መስታወት ሸጠውላቸዋል። አይዞሽ።

ደላንቴው፦
አቤል፣ አትቸኩል። እህቴ፣ ድንጋይሽ መስታወት ቢሆን ኖሮ ውሃ አይጠጣም ነበር።

እኔ የወሎ ደላንታ ልጅ ነኝ፤ አሁን አዲስ አበባ ኦፓል እቆርጣለሁ። ወርቅ ቤቱ የሚያውቀው የአውስትራሊያውን ይመስለኛል። ያኛው ውሃ ቢነካው ግድ የለውም። የኛ ግን ቀዳዳው ብዙ ነው። አገር ቤት ደረቁን ድንጋይ ምላሳችን ላይ እናስነካዋለን፣ ለጠፍ ይላል፤ እየጠጣ ነው ማለት ነው።

ቀለሙ ቀለም ሆኖ የተቀመጠ አይደለም። ኦፓል ሲሊካ (የአሸዋና የመስታወት ዋና ንጥረ ነገር) እና ውሃ ነው፣ እንደ ኤመራልድ ክሪስታል የለውም። ውስጡ ከ150 እስከ 300 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ነው) የሚሆኑ የሲሊካ እንክብሎች፣ ጉሊት ላይ እንደተደረደረ ብርቱካን ተደርድረዋል። ብርሃን በድርድሩ መሃል ሲያልፍ ይበተንና ቀስተ ደመናውን ያወጣል። በእንክብሎቹ መሃል አየር ሳለ ነው ይህ የሚያምረው። አየሩን ውሃ ሲተካው እንክብሉና መሃሉን የሞላው ነገር ብርሃንን በሚያጥፉበት መጠን ያላቸው ልዩነት ይጠብባል፣ ድንጋዩም ይጠራል። ሲደርቅ ይመለሳል።

ስለዚህ በጨርቅ ጠርገሽ ጥላ ውስጥ ተይው። ጥቂት ቀን ይፈጃል። ፀሐይ ላይ አታስጪው፣ ምድጃ አጠገብም አታድርሺው፤ በችኮላ የደረቀ ይሰነጠቃል። እየደረቀ ሳለ እንደ አጓት ቢደፈርስ አትደንግጪ።

(ሳልናገር የማላልፈው ነገር፦ ካራቱ (የድንጋዩ ክብደት) ሲመዘን ድንጋዩን ውሃ አጠጥቶ የሚያመጣ ሻጭ አለ። ደረቁን መዝኑ።)

ሶስና፦
የመንዝ መዘዞውስ እንዲህ ነው? ከዱሮ አንድ ቡናማ ድንጋይ አለኝ፣ ተሰነጣጥቋል።

ደላንቴው፦
የመዘዞው ቀድሞ በ1990ዎቹ (በፈረንጅ) የወጣው ነው። ብዙው ቡናማ ነው፣ በመሰንጠቅም ታዋቂ ነው። ነጩ የወገል ጤናው (የኛ የደላንታ ከተማ) በ2008 እ.ኤ.አ. ሲገኝ ነው ገበያው የተገለበጠው።

የወገል ጤናውን ቦታ ብታዪው ታዝኚያለሽ። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እሳተ ገሞራ የከመረው ዓለት ነው፤ ከዚያ ሁሉ ክምር ኦፓል ያለው አንድ ሜትር እንኳ የማይሞላ የአመድ ንብርብር ውስጥ ነው፣ እሱም ገደል ወገብ ላይ። ከላይ የሰረገው ውሃ ከአመዱ ሲሊካውን አሟሙቶ ይወርዳል፤ ከሥር ሸክላ አፈር ስላለ ማለፍ አቅቶት እዚያው ይረጋል። ልጆቹ ያቺን ንብርብር እየተከተሉ በዶማ ወደ ገደሉ ይቆፍራሉ። ድጋፍ የለው፣ ምን የለው። ዋሻ የተናደበት የጎረቤት ልጅ ስላለ፣ ድንጋይ እጄ ላይ በገባ ቁጥር እሱ ትዝ ይለኛል።

የቤዛ እናት፦
አምስተኛ ቀኔ ነው። መጀመሪያ ዳር ዳሩ ነጣ፣ ከዚያ ሁሉም እርጎ መሰለ፣ ዛሬ ጠዋት አረንጓዴው ብልጭ አለ! ግን አንድ ጥግ ላይ ቢጫ ነጥብ ቀርቷል።

ደላንቴው፦
እሱ የድስቱ ዘይት ነው። ውሃ ይወጣል፣ ዘይት ግን በቀላሉ አይወጣም። ሎሽንና ሽቶም እንደዚያው።

የቤዛ እናት፦
ለአክስቴ ፎቶ ላክሁላት። «ቀለበት አድርገሽ ድስት ታጥቢያለሽ እንዴ?» ብላ ተቆጣችኝ።