የፒሲአር ኪት ሲያጥር ናሙና መቀላቀል ያዋጣል ወይ?

ቤተሙከራ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ኮቪድና ኢንፍሉዌንዛ በሪል ታይም ፒሲአር (የቫይረሱን ዘረመል እያባዛ በሚያሳይ ምርመራ) የሚመረምር አነስተኛ ላቦራቶሪ አለን። በቀን 100 ያህል ናሙና ይገባል፤ ፖዘቲቭ የሚሆነው 4 በመቶ ገደማ ነው። ማሽኑ ችግር የለበትም፤ ቶሎ የሚያልቀው የአርኤንኤ ኤክስትራክሽን ኪቱ፣ ማለትም የቫይረሱን ዘረመል ከናሙናው ለይቶ የሚያወጣው ነው። ሦስት ሐሳብ ቀርቧል፦ አሥር አሥር ናሙና ቀላቅሎ መመርመር፣ ኤክስትራክሽኑን ትቶ ናሙናውን አሙቆ በቀጥታ ማስገባት፣ ሪአክሽኑን (ማሽኑ ውስጥ የሚገባውን የዘረመልና የኬሚካል ድብልቅ) ከ20 ወደ 10 ማይክሮ ሊትር ማውረድ። ሦስቱንም አንድ ላይ ብናደርግስ? ሥራውን የምታውቁ ቁጥሩንና የሚበላሽበትን ቦታ ንገሩን።

ፒፔት፦
መቀላቀሉ ያዋጣል፤ በአሥር ግን አይደለም። ስሌቱን ሮበርት ዶርፍማን በ1943 ለወታደሮች የቂጥኝ ምርመራ ያወጣው ነው፤ ዛሬም አልተለወጠም። ቅልቅሉ ኔጌቲቭ ከወጣ ውስጡ ያሉት ሁሉ ኔጌቲቭ ናቸው፤ ፖዘቲቭ ከወጣ እያንዳንዱ በነጠላ ይደገማል። 100 ናሙና፣ 4 በመቶ ፖዘቲቭ እንበል። በ10 ስትቀላቅሉ 10 ቅልቅል ትሠራላችሁ፤ ከነዚህ ከሦስት በላይ የሚሆኑት ፖዘቲቭ ስለሚወጡ በነጠላ የሚደገመው ወደ 34 ናሙና ነው። ድምሩ 44 ገደማ። በ5 ስትቀላቅሉ 20 ቅልቅልና ወደ 19 ድጋሚ፣ ድምሩ 39። ትንሹ ቅልቅል ኪትም ይቆጥባል፣ ቫይረሱንም ብዙ አያቀጥነውም። 10 የሚያዋጣው ፖዘቲቩ 1 በመቶ አካባቢ ሲሆን ነው፤ ያኔ 100 ሰው በ20 ምርመራ ያልቃል። በተቃራኒው 20 በመቶ ሲደርስ በ3 ብትቀላቅሉ እንኳ 82 ምርመራ ይፈጃል፤ 30 በመቶ ላይ ትርፉ ዜሮ ነው። ስለዚህ የሳምንቱን የፖዘቲቭ ምጣኔ እያያችሁ የቅልቅሉን መጠን ቀይሩ፤ ወረርሽኝ ሲነሳ ደግሞ ጭራሽ ተዉት። ትኩሳትና ሳል ይዘው የመጡትን ከጉዞ ወይም ከቅድመ ቀዶ ሕክምና ምርመራ ጋር አትቀላቅሉ። የመጀመሪያዎቹን በነጠላ ሥሩ፤ ያኔ የቀሩት ምጣኔ በራሱ ይወርዳል።

አሠራሩ፦ የምትቀላቅሉት ከኤክስትራክሽን በፊት ነው፤ በኋላ ከሆነ የምታተርፉት የፒሲአር ሪኤጀንት (ኬሚካል) ብቻ ነው፣ የእናንተ ችግር ደግሞ እሱ አይደለም። ኪቱ 200 ማይክሮ ሊትር የሚቀበል ከሆነ ከእያንዳንዱ ናሙና 40 ማይክሮ ሊትር ውሰዱ። ናሙናውን 10 ሰከንድ ቮርቴክስ (በማሽን ማናወጥ)፣ አጭር ስፒን (በሴንትሪፉጅ ማሽከርከር)፣ ከዚያ በባዮሴፍቲ ካቢኔት ውስጥ አንድ ትዩብ ብቻ ከፍታችሁ፣ በፊልተር ቲፕ (ማጣሪያ ባለው የፒፔት ጫፍ)። ትዩቡ ሳይዘጋ ቀጣዩ አይከፈትም። የአምስቱን ቁጥር በቅልቅሉ ቁጥር ሥር የምትጽፉት እየጨመራችሁ እንጂ ጨርሳችሁ አይደለም። ዋናዎቹ ናሙናዎች ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቆዩ፣ ድጋሚውም ያው ቀን ይሠራ።

አምስት ጊዜ ስታቀጥኑ ሲቲው (ቫይረሱ የታየበት የማባዛት ዑደት ቁጥር፤ ቫይረሱ ሲያንስ ይጨምራል) በ2.3 ያህል ይዘገያል፤ በአሥር 3.3 ነው። ለብቻው 36 ላይ የሚወጣ ናሙና በቅልቅል 38 ያልፋል፣ ኪቱ 38 ላይ የሚቆርጥ ከሆነ ጠፋ ማለት ነው። ይህን አውቃችሁ ግቡ። አንዳንዱ 200 ማይክሮ ሊትር ከየናሙናው ወስዶ ሙሉውን 1 ሚሊ ሊትር በአንድ ኮለም (ዘረመሉን በሚይዝ ትንሽ ማጣሪያ) ደጋግሞ ያሳልፋል። መቅጠኑ ይቀራል፣ ግን ላይሲስ በፈሩ (ቫይረሱን የሚከፍተው ፈሳሽ) አምስት እጥፍ ስለሚያልቅ ኪቱ በሌላ በኩል ይጎድላል።

ማስተር ሚክስ፦
ሦስቱን አንድ ላይ አትሞክሩት። እያንዳንዱ ከደካማ ናሙናዎች ላይ የሚቀንሰው አለው፣ ሲደራረብ አንዱ የሌላውን ኪሳራ ይጨምራል። ከቀረቡት ውስጥ እኔ የምመርጠው ቅልቅሉን ከነኤክስትራክሽኑ ነው።

ሙቀቱን በተመለከተ፦ 95 ዲግሪ ለ5 ደቂቃ ቫይረሱን ይከፍታል፤ ያላወጣችሁት ፕሮቲን፣ ጨውና ንፍጥ ግን አብሮ ይገባና ዘረመሉን የሚያባዛውን ኢንዛይም፣ ፖሊሜሬዙን፣ ያፍናል። ናሙናውን በእኩል መጠን ንጹሕ ውሃ ማቅጠንና የምታስገቡትን ማሳነስ ይረዳል። ፕሮቲኔዝ ኬ (ፕሮቲን የሚበላ ኢንዛይም) ከጨመራችሁ 95ቱ ዲግሪ ግዴታ ነው፤ ካልሞተ ፖሊሜሬዙን ራሱን ይበላዋል። ከሁሉ በፊት ግን የናሙና ማጓጓዣ ፈሳሹን ስያሜ አንብቡ። ቫይረሱን የሚገድለው ዓይነት ብዙ ጊዜ ጓኒዲን የሚባል ኬሚካል አለበት፣ ያ ያለ ኤክስትራክሽን ከገባ ፒሲአሩ ጨርሶ አይሠራም። በጓኒዲን ላይ በረኪና ማፍሰስም መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ብዙ ላቦራቶሪ የቆሻሻ ጠርሙሱ ውስጥ በልማድ በረኪና ያኖራልና ተጠንቀቁ።

ወደ 10 ማይክሮ ሊትር ማውረድ ይቻላል፣ ግን የምትቆጥቡት ማስተር ሚክሱን (የፒሲአር ኬሚካሎቹን ድብልቅ) ነው፤ ኤክስትራክሽን ኪታችሁን አይነካም። ካደረጋችሁት በማሽኑ ሶፍትዌር ላይ መጠኑን 10 ብላችሁ አስተካክሉ፣ ማሽኑ የማሞቂያ ጊዜውን የሚያሰላው በዚያ ቁጥር ነው። የሳህኑ መሸፈኛ ፊልምም በደንብ ይጣበቅ፤ የጠርዝ ጉድጓዶች ሲተኑ ግራፉ ይዛባል። ፒፔቱ ካሊብሬት ያልሆነ (ልኬቱ ያልተረጋገጠ) ላቦራቶሪ 2.5 ማይክሮ ሊትር ቴምፕሌት (የሚመረመረው ዘረመል) ባይሞክር ይሻላል።

ቤተሙከራ፦
እናመሰግናለን፣ በ5 እንጀምራለን። ሁለት ጥያቄ፦ ቅልቅሉ 36 ላይ ፖዘቲቭ ሆኖ አምስቱም በነጠላ ኔጌቲቭ ቢወጡ ምን ይደረጋል? ይሄንኑ ለኤችአይቪ ቫይራል ሎድ (በደም ውስጥ ላለው የቫይረስ መጠን ምርመራ) መጠቀምስ?

ኮንትሮል፦
መጀመሪያ ግራፉን እዩ። እውነተኛው ኤስ ቅርጽ ይዞ ወጥቶ ላይኛው ላይ ይተኛል፤ በዝግታ እየተንፏቀቀ መስመሩን የሚያቋርጥ ከሆነ ፖዘቲቭ አትበሉት። ግራፉ ደህና ከሆነ ሒሳቡን አስቡ፦ ቅልቅሉ 36 ካለ ከአምስቱ አንዱ ብቻ ፖዘቲቭ ቢሆን በነጠላ 33.7 አካባቢ መውጣት ነበረበት። አምስቱም ካልወጡ ብክለት ወይም የናሙና መለዋወጥ ጠርጥሩ። ቅልቅሉን ከዋናዎቹ ትዩቦች እንደ አዲስ ሠርታችሁ ከኤክስትራክሽን ኔጌቲቭ (ቫይረስ የሌለበት፣ ከኤክስትራክሽን ጀምሮ አብሮ የሚሠራ ማረጋገጫ) ጋር ድገሙ። ሁሉም ነጠላ ናሙናዎች ከቅልቅሉ ዘግይተው ከወጡም ያው ነው፤ ያ በስሌት የማይሆን ነገር ነው፤ ወይ ናሙናው በመሀል ተበላሽቷል ወይ ቁጥር ተሳስቷል። የቅልቅል ውጤት ብቻውን ለታካሚ አይጻፍም።

ሰው የሚረሳው ነገር ልጨምር። አርኔዝ ፒ ኮንትሮሉ (የሰው ዘረመል በመኖሩ ናሙናው በትክክል መወሰዱን የሚያረጋግጠው) በቅልቅል ውስጥ ሁልጊዜ ደህና ሆኖ ይታያል፣ ምክንያቱም አራቱ በትክክል ከተወሰዱ አምስተኛው ባዶ ስዋብ ቢሆን እንኳ ይሸፍኑታል። ስለዚህ ቅልቅል መጥፎ የናሙና አወሳሰድን ይደብቃል። በየሳምንቱ ጥቂት ኔጌቲቭ ቅልቅሎችን ፈታችሁ በነጠላ አርኔዝ ፒውን እዩት።

ቫይራል ሎድ ላይ ሕክምናው አልሠራም የሚያሰኘው ገደብ 1000 ኮፒ በሚሊ ሊትር ከሆነ በ5 ስትቀላቅሉ የምትፈልጉት 200 ነው፤ 1000 ያለው አንድ ሰው በቅልቅሉ ውስጥ ይህን ያህል ነውና። በፕላዝማ እስከ 40 ኮፒ የሚያይ ማሽን ይችለዋል። በደረቀ የደም ጠብታ ካርድ ግን አይሆንም፤ ካርዱ ላይ የሚያርፈው ደም በጣም ትንሽ ስለሆነ የማየት አቅሙ ራሱ በመቶዎች ኮፒ ነው፣ ስታቀጥኑት ከገደቡ ያልፋል። ሕክምናው ያልሠራላቸውንና አዲስ የጀመሩትን ደግሞ ከቅልቅሉ አውጡ።

ፒፔት፦
በኮንትሮል ሐሳብ እስማማለሁ። ከመጀመራችሁ በፊት ቢያንስ 20 የታወቁ ፖዘቲቮችን እያንዳንዱን ከአራት ኔጌቲቭ ጋር ቀላቅሉ፤ ከ20ው 5ቱ ከ33 በላይ ሲቲ ያላቸው ይሁኑ። ጠንካራ ፖዘቲቭ ብቻ ይዛችሁ ከሞከራችሁ ሁሉም ያልፋል፣ ምንም አይነግራችሁም።

ኪት ለመቆጠብ ኮንትሮል የሚቀንስ አለ፤ እሱን አትንኩ። ፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቭና የኤክስትራክሽን ኔጌቲቭ በየዙሩ ሦስት ቦታ ይይዛሉ። 8 ናሙና ብቻ ይዛችሁ ስትሮጡ ነው ውድ የሚሆኑት፣ ብዙ በአንድ ዙር ስትጭኑ አይሰሙም። ጠዋት የደረሰውን ቅልቅል አንድ ዙር፣ ከሰዓት ድጋሚውን ከዘገዩት ናሙናዎች ቅልቅል ጋር ሌላ ዙር አድርጉት።