«ደባሌ ናት» የምላት ፍቅረኛዬ፦ ጭቅጭቁ ከየት መጣ?

ጠያቂ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)፦ ሁለታችንም ሴቶች ነን፤ አብረን ነው የምንኖረው። እዚህ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መጋባት ተፈቅዶልናል። ቤተሰቤ ግን ደባሌ እንደሆነች ነው የሚያውቀው። በቀደም አክስቴ መጥታ ስታድር ፎቷችንን ከግድግዳ አወረድኩ፤ የእሷን ትራስና ብርድ ልብስ ሶፋው ላይ አደረግኩ። ፍቅረኛዬ ቡና አፍልታ ስቃ አስተናገደቻት። አክስቴ እንደወጣች ግን በሳህን እጥበት የተጀመረ ጠብ እስከ እኩለ ሌሊት ዘለቀ። ሁሌም እንዲህ ነው። ፍቅራችን አልቆ ይሆን?

ማሂ፦ የሳህን ጠብ አይደለማ! የምክር አገልግሎት ላይ ነው የምሠራው፤ ብዙ ጊዜ አየዋለሁ። ኢላን ማየር የተባለ ተመራማሪ በ2003 እ.ኤ.አ. «የአናሳነት ጫና»ን፣ ማለትም እንደኛ በቁጥር አናሳ የሆነ ሰው በማንነቱ ምክንያት የሚደርስበትን ጫና፣ በዝርዝር አስቀምጦታል። መገለሉ አለ፤ «ያውቁብኝ ይሆን» ብሎ መሳቀቁ አለ፤ መደበቁ አለ፤ የሰውን ንቀት ተቀብሎ በራስ ማፈሩም አለ። ፍቅርን ይበልጥ የሚጎዳው ይሄ የመጨረሻው ይመስለኛል። ማየርና ዴቪድ ፍሮስት በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ በማንነታቸው የሚያፍሩት ሰዎች በፍቅር ሕይወታቸው ችግር ይበዛባቸው ነበር፤ ሐፍረቱ ፍቅርን ከሚጎዳባቸው መንገዶች አንዱ ደግሞ ድብርት ነው። ለሰው መንገር አለመንገራቸው ይህን አልቀየረውም።

ያሬድ፦ ለአክስትሽ ንገሪያትና ተገላገይ። እስከ መቼ?

እትዬ፦ ያሬድ፣ ላንተ ቀላል ነው። አገር ቤት የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን በእስር ያስቀጣል፤ ወሬው እዚያ ያለ ወንድሟ ጋ ቢደርስስ? የኔ ልጅ፣ ሳትዘጋጂ አትናገሪ። እኛ ቤት እንግዳ ሊመጣ ሲል አስቀድመን እንነጋገራለን፦ ምን እንባላለን፣ ማን የት ይተኛል፣ እንግዳው መቼ ይሄዳል። አንቺ ብቻሽን ወስነሽ ትራሷን ስታወጪ ከቤቷ ያስወጣሻት ይመስላታል። እኔም ብሆን ይከፋኛል።

ጠያቂ፦ እውነትም ሳልጠይቃት ነው ያደረግኩት። አማካሪ ብናይስ? ሐበሻ ከሆነ ወሬ ይወጣል ብዬ እፈራለሁ።

ማሂ፦ ፈቃድ ያለው አማካሪ ምስጢር የመጠበቅ ሕጋዊ ግዴታ አለበት። ዘመድ የሆነ አስተርጓሚ ግን አትውሰዱ። ቀጠሮ ሳትይዙ «ከተመሳሳይ ጾታ ጥንዶች ጋር ሠርተሽ ታውቂያለሽ?» ብላችሁ በስልክ ጠይቁ። «ወንድ እንድትወዱ እንቀይራችኋለን» የሚል ካጋጠማችሁ ስልኩን ዝጉት።