በአደራ ያስቀመጧቸውን ፈረሶች ወጪ የሚያዘገዩና ቀጠሮ የማያከብሩ ደንበኞችን እንዴት እንያዛቸው?

ጠያቂ፦ ባለ ጋጣ፣ ከሱሉልታ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔና ባለቤቴ ሱሉልታ አካባቢ አነስተኛ የፈረስ ማቆያ አለን። በጋጣው ካሉት ፈረሶች አብዛኞቹ የእኛ አይደሉም፤ አዲስ አበባ የሚኖሩና ግቢያቸው ፈረስ ለማሳደር የማይበቃቸው ሰዎች በወር ክፍያ ያስቀመጧቸው ናቸው። መኖውን፣ ውኃውን፣ የጋጣውን ጽዳትና የየዕለቱን ማፍታታት እኛ እንሠራለን፤ የሕክምናና የኮቴ ማስተካከያ ወጪ ግን በባለቤቱ ላይ ነው።

ሥራውን እንወደዋለን። የሚያስጨንቀን የደንበኞቻችን ነገር ነው። ሁሉም እንዲህ ናቸው አልልም፤ አንዳንዶቹ ወሩ ሳይገባ የሚከፍሉ፣ ፈረሳቸውን በየሳምንቱ መጥተው የሚያዩ ደጋግ ሰዎች ናቸው። ሌሎቹ ግን «ነገ በቴሌብር አስገባለሁ» ብለው ወሩን ያሳልፋሉ፤ ኮቴ የሚቆርጠው ባለሙያ በሚመጣበት ቀን እንገኛለን ብለው ይቀራሉ፤ ወራት ጠፍተው ይቆዩና ጥምቀት ሲደርስ ፈረሱ ታጥቦ፣ ተሸልሞ፣ ለጉግስ ተዘጋጅቶ እንዲጠብቃቸው ይሻሉ።

የክፍያ መዘግየት ለእኛ ምን ማለት እንደሆነ ከሥራው ውጭ ያለ ሰው በቀላሉ አይረዳውም። እዚህ አካባቢ ድርቆሽ የሚታጨደው ጥቅምትና ኅዳር ላይ ስለሆነ፣ በእነዚያ ሳምንታት ገንዘብ ይዞ የተገኘ ሰው የዓመቱን መኖ በደህና ዋጋ ይከምራል፤ ያልያዘው ደግሞ ከግንቦት ጀምሮ፣ በተለይም ክረምቱ ሲገባ፣ በጥቂት በጥቂቱ እጅግ በተወደደ ዋጋ ይገዛል። ስለዚህ በመስከረምና በጥቅምት ያልተከፈለ ገንዘብ ዘግይቶ ሙሉውን ቢከፈል እንኳ ያደረሰብን ጉዳት አይካስም።

ከሁሉ የከበደን አንድ ወደ ውጭ አገር የሄደ ደንበኛ ነው። ፈረሱን ትቶልን ከሄደ ወራት አልፈዋል፤ ወንድሙን ስንጠይቀው «ይልካል» ይለናል፤ የተላከ ነገር ግን የለም። ፈረሱ በየዕለቱ ይበላል፣ እኛም አንከለክለውም፤ እንስሳው ምንም አላጠፋም። ይህን ፈረስ ሸጠን ዕዳችንን ልናስቀር እንችላለን? ሌሎቹንስ ሳናስቀይም፣ እኛም ሳንጎዳ እንዴት ሥርዓት እናስይዛቸው? በዚህ ሥራ ያላችሁ ወይም ሕጉን የምታውቁ ብትመክሩን እናመሰግናለን።

መልስ፦ ፈረስ አሳዳሪ፣ ከለገጣፎ በኩል

እኅቴ፣ የጻፍሽውን ሳነብ የራሴን ጋጣ ያየሁ መሰለኝ። ከረጅም ጊዜ ልምዴ የማካፍልሽ ዋናው ነገር፣ የመኖ ገንዘብንና የአገልግሎት ዋጋን በአንድ ወርኃዊ ክፍያ ውስጥ አለመቀላቀል ነው። የድካምሽ ዋጋ ጥቂት ቀን ቢዘገይ ትታገሺው ይሆናል፤ መኖ ግን ፈረሱ ከመብላቱ በፊት የሚገዛ ነገር ስለሆነ ገንዘቡም ከወሩ መግቢያ በፊት መገኘት አለበት። ይህን ለደንበኛ በቁጥር ማስረዳት ይጠቅማል። 250 ኪሎ የሚመዝን ያገራችን ፈረስ በቀን ከክብደቱ 2 በመቶ ያህል፣ ማለትም 5 ኪሎ ግድም ደረቅ መኖ ይበላል፤ ይህ በወር 150 ኪሎ ነው። ባለቤቱ ይህን ካወቀ በኋላ «ፈረስ ሣር ነው የሚበላው፣ ምን ያስወድደዋል?» የሚለው ክርክር ይቀንሳል። በውሉም ላይ የመኖውን መጠን በኪሎ ጻፊው፤ ዋጋው ግን ገበያው እየታየ በተወሰኑ ወራት እንደሚከለስ ከመነሻው ይታወቅ። የፉርሽካና የገብስ ዋጋ ሲንር ጭማሪውን ብቻሽን የምትሸከሚበት ምክንያት የለም።

እኔ ፈረስ ስቀበል የሁለት ወር መኖ በመያዣነት አስቀድሜ እወስዳለሁ። ባለቤቱ ፈረሱን ሲወስድ ዕዳ ከሌለበት ይመለስለታል። ከዚህም ሌላ በየዓመቱ እስከ መስከረም አጋማሽ ሁሉም ደንበኛ የድርቆሽ መግዣ ያዋጣል፤ የሰጠው ገንዘብም ከሚቀጥሉት ወራት ክፍያው ላይ እየተቀነሰ ይታሰብለታል። ይህን ሐሳብ ለደንበኞቼ ባቀረብኩበት ጊዜ ያጉረመረሙ ነበሩ፤ ክረምት ላይ የጎረቤት ጋጣ ዋጋ ምን ያህል እንደጨመረ ሲያዩ ግን ቅሬታው ቀረ።

አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። በዚህ ሥራ ላይ ያለነውን ሰዎች ከደንበኛው ክፋት ይልቅ የጎዳን ይሉኝታ ነው። የታወቀ ሰው፣ ትልቅ ሰው፣ በዘመድ በኩል የመጣ ሰው ሲሆን ገንዘብ መጠየቅ ነውር ይመስለናል። ስለዚህ ጥያቄውን ከሰው ፊት አውጥቶ ለወረቀት መስጠት ይሻላል፤ በየወሩ በተወሰነ ቀን ለሁሉም ደንበኛ ያለ ልዩነት የሒሳብ መግለጫ ይላክ። ሁሉም እኩል የሚደርሰው ወረቀት ማንንም አያስቀይምም። ደመወዙ ዘግይቶበት አስቀድሞ የሚነግርሽን ሰው ግን ስልክ ከማያነሳው ጋር አንድ አታድርጊው፤ የመጀመሪያው ለብዙ ዓመት የሚቆይ ደንበኛ ሊሆን ይችላል፤ ሁለተኛውን ፈረሱን ይዞ እንዲሄድ በጊዜ መንገር ይሻላል።

መልስ፦ የሕግ ባለሙያ

ለእኅታችን፣ ስለ ሽያጩ ላነሡት ጥያቄ መልሴ አጭር ነው፦ በገዛ እጅዎ አይሽጡት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከአንቀጽ 2779 ጀምሮ ስለ አደራ ውል ይደነግጋል። ፈረሱ በእርስዎ ጋጣ ቢያድርም ንብረትነቱ የባለቤቱ ነው፤ ያልተከፈለ ዕዳ መኖሩም ባለቤትነቱን ወደ እርስዎ አያዛውረውም። ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ወይም ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ቢሸጡት፣ ዛሬ ገንዘብ ጠያቂ የሆኑት እርስዎ ነገ ካሣ ተጠያቂ፣ ምናልባትም በእምነት ማጉደል ተከሳሽ ሊሆኑ ይችላሉ። «ካልከፈለ ፈረሱ የእኔ ይሆናል» የሚል ቃል ውሉ ውስጥ ማስገባትም መፍትሔ አይሆንም፤ ሕጋችን ገንዘብ ጠያቂው በመያዣ የያዘውን ንብረት ሥርዓቱን ሳይጠብቅ እንዲወስድ ወይም እንዲሸጥ የሚፈቅድ ስምምነትን ዋጋ አይሰጠውም።

ሊያደርጉት የሚገባው ይህ ነው። በአንቀጽ 1772 መሠረት ውሉ አልተፈጸመልኝም የሚል ሰው በመርህ ደረጃ አስቀድሞ ለባለዕዳው ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። ስለዚህ የፈረሱን መለያ፣ እስከ ዛሬ የተወዘፈውን ሒሳብ በዝርዝር፣ የሚከፈልበትን የመጨረሻ ቀንና ካልተከፈለ ወደ ፍርድ ቤት የሚሄዱ መሆንዎን ጽፈው ለባለቤቱ ይላኩ፤ ለወንድሙም ግልባጩን ያድርሱ። በቴሌግራም የተጻጻፏቸውን መልእክቶች፣ የመኖ ደረሰኞችንና የሐኪም ወጪዎችን አያጥፉ። ውሉ የተለየ ነገር ካልወሰነ፣ በሕጉ አንቀጽ 1751 የተመለከተው ወለድ በዓመት 9 በመቶ ነው፤ ክስ ሲቀርብ ይህንንም መጠየቅ ይቻላል።

ለወደፊቱ ግን ወደ ውጭ የሚሄድ ደንበኛ አገር ውስጥ ያለ ተወካይ ሳይሰይም ፈረሱን አይቀበሉት። ውጭ ሆኖም ውክልና መስጠት ይችላል፤ ሰነዱን በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ያረጋግጥና እዚህ ደግሞ በሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች እንዲረጋገጥ ያደርጋል። ውክልናው ክፍያ መክፈልን፣ ሕክምና መፍቀድንና አስፈላጊ ሲሆን ፈረሱን መሸጥን በግልጽ የሚዘረዝር መሆን አለበት፤ በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና ለሽያጭ አይበቃም። ተወካዩ እርስዎ ባይሆኑ እመርጣለሁ፤ ገንዘብ ጠያቂና የባለዕዳው ወኪል በአንድ ሰው ሲደራረቡ ክርክር ያስነሣል።

መልስ፦ የእንስሳት ሐኪም፣ ከቢሾፍቱ

በገንዘቡ በኩል የተሰጡት ምክሮች ጥሩ ናቸው። እኔ ያሳሰበኝ የሕክምናና የኮቴ ወጪ «በባለቤቱ ነው» የሚለው የውላችሁ ክፍል ነው። ቀጠሮ የማያከብር ደንበኛ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው በዚህ ክፍተት ነው፤ ጉዳቱም በእርሱ ፈረስ ላይ ብቻ የሚቆም አይደለም።

የአፍሪካ የፈረስ በሽታ በአገራችን የኖረ ገዳይ በሽታ ነው። የሚተላለፈው በዓይን ለማየት በሚያስቸግሩ ጥቃቅን ነካሽ ዝንቦች አማካይነት ስለሆነ፣ ክረምቱ ሲወጣና እርጥበቱ ገና ሳይደርቅ ይበረታል። ከታመመ ፈረስ ደም የመጠጠች ዝንብ በቀጣዩ ጋጣ ያለውን ጤነኛ ልትነክስ ትችላለች። ክትባቱ እዚሁ ቢሾፍቱ ይመረታል። ክትባትን በእያንዳንዱ ባለቤት ፈቃድና ቀጠሮ ላይ ካንጠለጠላችሁት፣ አንድ የጠፋ ደንበኛ የሌሎቹን ሰዎች ፈረሶች ሁሉ ለአደጋ ያጋልጣል። ስለዚህ ክትባቱ በወርኃዊው ክፍያ ውስጥ ተካቶ፣ ቀኑን ማቆያው ወስኖ፣ ሁሉም ፈረስ በአንድ ላይ ይከተብ። ያልፈቀደ ባለቤት ፈረሱን ሌላ ቦታ ይውሰድ። የኮቴ ማስተካከያውንም እንዲሁ አድርጉት፤ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ መቆረጥ ያለበት ኮቴ ባለቤቱ እስኪመቸው አይጠብቅም። በተለይ በሱሉልታ ክረምት፣ ጋጣው ጭቃና እርጥብ በሚሆንበት ወቅት፣ የተተወ ኮቴ ፈጥኖ ይበሰብሳል።

ጥምቀት ሲደርስ ስለሚመጡት ሰዎችም ልናገር። ብዙ ቀን ቆሞ ገብስ ሲበላ የሰነበተ ፈረስ በአንድ ቀን ለጉግስ ሲጋለብ ጡንቻው ሊደርቅና ሊጎዳ ይችላል፤ ያልበዋል፣ ለመራመድ እምቢ ይላል፣ ሽንቱም እንደ ቡና ይጠቁራል። ይህ ምልክት የታየበትን ፈረስ ወዲያው ማቆምና ሐኪም መጥራት ያስፈልጋል፤ «ሰነፈ» ብሎ መግረፍ ወይም በግድ ማስኬድ ይብስበታል። በውላችሁ ላይ፣ ለበዓል ፈረሱን የሚፈልግ ባለቤት ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት እንዲያሳውቅና ፈረሱም ቀስ በቀስ እንዲለማመድ የሚያዝ አንቀጽ አስገቡ፤ ካላሳወቀ ደግሞ ለጉግስ እንደማይወጣ ይጻፍ። ይህን ስትከለክሉ ደንበኛው ይቆጣ ይሆናል፤ በዚህ ጉዳይ ግን ከባለቤቱ ይልቅ የፈረሱን ወገን መያዝ የአሳዳሪው ግዴታ ይመስለኛል።

የዕዳ ማስፈራሪያ ይሆናል ብሎ መኖ መቀነስን ግን ማንም እንዳይመክራችሁ። እንደማታደርጉት ከጽሑፋችሁ ተረድቻለሁ፤ ሌሎች የሚያነቡ ስላሉ ነው የጻፍኩት።

መልስ፦ ፈረሱን በማቆያ የሚያሳድር፣ ከአዲስ አበባ

እኔ በሌላኛው ወገን ያለሁ ሰው ነኝ። ቅድሚያ ክፍያውንም፣ የድርቆሽ መዋጮውንም እቀበለዋለሁ። ነገር ግን ባለቤቶች የምንዘገየው ሁልጊዜ ግዴለሽ ስለሆንን አይደለም። ፈረሳችን በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ለሳምንታት ምንም ሳንሰማ የክፍያ ጥያቄ ብቻ ሲደርሰን ገንዘቡ የት እንደሚገባ እንጠራጠራለን። ከዚህ በፊት ፈረሴን አስቀምጬበት በነበረ አንድ ማቆያ፣ እኔ በሌለሁበት ፈረሴ ለጎብኚዎች ሲከራይ ቆይቶ ጀርባው በኮርቻ ቆስሎ አግኝቼዋለሁ። ስለዚህ ከእናንተ በኩል ደግሞ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ማንም እንደማይጋልበው በውሉ ይጻፍ፤ በሳምንት አንድ ጊዜም የፈረሱ ፎቶግራፍና አጭር መልእክት ይላክ። ፈረሱን በየሳምንቱ በፎቶ የሚያይ ሰው ለመክፈልም፣ ለመምጣትም ይበረታታል። በየቀኑ የሚቆጠር የመዘግየት ቅጣት ግን አልደግፍም፤ ሰውን ከማቀራረብ ይልቅ ያርቀዋል።

ጠያቂ፦ ባለ ጋጣ፣ ከሱሉልታ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ከባለቤቴ ጋር ተመካክረን፣ አዲሱን ውል ከመስከረም 1 ጀምሮ ለሁሉም ደንበኛ በአንድ ጊዜ ለማቅረብ ወስነናል። መኖው በቅድሚያ ይከፈላል፤ ክትባቱና ኮቴው በክፍያው ውስጥ ይካተታሉ፤ የድርቆሹ መዋጮም ይኖራል። ሳምንታዊውን ፎቶግራፍ ዛሬውኑ እንጀምራለን፤ ያለ ፈቃድ አለማስጋለብንም ከአሁን በፊት የምንጠብቀው ቢሆንም በጽሑፍ እናሰፍረዋለን። ውጭ አገር ላለው ሰው ማስጠንቀቂያውን እያዘጋጀሁ ነው። የሕግ ባለሙያውን አንድ ነገር ልጠይቅ፦ ውሉን እኛና ደንበኛው ብቻ ብንፈርምበት ይበቃል? ፈረሱንስ እንዴት ብለን እንግለጸው?

መልስ፦ የሕግ ባለሙያ

ውሉ በጽሑፍ ሲደረግ ከተዋዋዮቹ ሌላ ሁለት ምስክሮች ይፈርሙበት፤ ሕጉ ለጽሑፍ ውል ያስቀመጠው ፎርም ይህ ነው። ፈረሱን በስሙ ብቻ አይጥቀሱት፤ ስም ይለወጣል። ወንድ ወይም ባዝራ (ሴት) መሆኑን፣ ዕድሜውን፣ ቀለሙን (ዳማ ወይም አምባላይ መሆኑን)፣ ግንባሩ ቦራ (ነጭ ምልክት ያለበት) ከሆነም ይህንኑ፣ በእግሮቹ ላይ ያለውን ነጭና ማንኛውንም ጠባሳ ይጻፉ፤ በገባበት ቀን ከግራና ከቀኝ የተነሣ ፎቶግራፉን ደግሞ ከውሉ ጋር አያይዘው ሁለታችሁም ፈርሙበት። ሲረከቡት የነበረበትን አካላዊ ሁኔታና ኮቴውን ጭምር ቢመዘግቡ፣ ሲያስረክቡ ለሚነሣ ክርክር መልስ ይሆንዎታል።