በአንድ መስመር የተንጠለጠለ ጄኔሬተር፦ መስመሩ ሲወድቅ በገበያ ሞዴሉ እንዴት ይያዛል?

ሰብለ
ሰላም ለሁላችሁ። ለቀጣይ ቀን የኤሌክትሪክ ገበያ የዲስፓች ሞዴል (የትኛው ማመንጫ ስንት ያመንጭ የሚለውን የሚወስን) እየሠራሁ ነው። የኤን ማይነስ ዋን ገደቦችን (አንድ መሣሪያ ቢወድቅ እንኳ ሌሎቹ መስመሮች ከልክ በላይ እንዳይጫኑ የሚጠብቁትን) የማስገባው በኤልኦዲኤፍ ነው፤ ይህም አንድ መስመር ሲወድቅ ከፍሰቱ ምን ያህሉ ወደ ሌላ መስመር እንደሚዞር የሚያሳይ ቁጥር ነው። በአብዛኛው ጥሩ ይሄዳል። የቸገረኝ ከግሪዱ ጋር በአንድ መስመር ብቻ የተያያዙ ጄኔሬተሮች ላይ ስደርስ ነው። መስመሩን ሳወጣው ቀመሩ በዜሮ ማካፈል ውስጥ ይገባና ፕሮግራሙ ይቆማል። ያሉኝ አማራጮች ሁለት ናቸው። ወይ እነዚህን ኮንቲንጀንሲዎች (ሊደርሱ ይችላሉ ተብለው የሚፈተሹ ብልሽቶች) ከዝርዝሩ ማውጣት፣ ወይ ከብልሽቱ በኋላ የጄኔሬተሩን ሺፍት ፋክተር (ከሚያመነጨው አንድ ሜጋዋት ስንቱ በአንድ መስመር ላይ እንደሚያልፍ የሚናገረውን ቁጥር) ዜሮ ማድረግ። ሁለቱንም ልቤ አልተቀበላቸውም። እናንተ ምን ታደርጋላችሁ?

መኮንን
ሰብለ፣ ልብሽ ልክ ነው። ሁለቱንም ተያቸው።

የቀመሩ አካፋይ 1 ሲቀነስ የመስመሩ የራሱ ፒቲዲኤፍ ነው፤ ፒቲዲኤፍ ማለት ከመስመሩ አንድ ጫፍ ወደ ሌላው ከሚላክ ኃይል በራሱ በመስመሩ የሚያልፈው ድርሻ ነው። የአንቺ ጄኔሬተር ያመነጨውን በሙሉ የሚልከው በዚያው መስመር ስለሆነ ፒቲዲኤፉ 1 ነው። ቀመሩ «ይህ ኃይል በየት ይዙር?» እያለ ይጠይቃል፣ የሚዞርበት መንገድ ግን የለም። ስለዚህ ይህን እንደ መስመር መውደቅ አትቁጠሪው። ጄኔሬተር ማጣት ነው።

መቆጣጠሪያ ክፍል ስሠራ ትልቅ ዩኒት ሲወጣ አይቻለሁ። መጀመሪያ ፍሪኩዌንሲው ቁልቁል ይወርዳል። ወዲያው በየማመንጫው ያሉ ገቨርነሮች (የፍጥነት መቆጣጠሪያዎች) ከፍተው ምርቱን ይጨምራሉ። ከዚያ ከብልሽቱ በጣም ርቀው ያሉ መስመሮች ላይ እንኳ ሜጋዋቱ ሲለዋወጥ ታያለሽ። የጎደለውን የሚሸፍነው አንድ ማመንጫ ብቻ አይደለም። ሞዴልሽ መያዝ ያለበት ይህንን ነው።

በቁጥር እንየው። ባስ (የመስመሮች መገናኛ ነጥብ) 1፣ 2 እና 3 በሦስት እኩል መስመሮች ተያይዘዋል። የ500 ሜጋዋት ጭነት ባስ 3 ላይ ነው። ያንቺ ጄኔሬተር በነጠላ መስመሩ በኩል ባስ 1 ላይ 300 ይሰጣል፤ ባስ 2 ላይ ያለው ዩኒት 200። ከ2 ወደ 3 የሚሄደው መስመር የአደጋ ጊዜ ገደቡ 300 ነው እንበል። ስላክሽ (በሒሳቡ ውስጥ ልዩነቱን እንዲሸፍን የተመረጠው ማጣቀሻ ባስ) ባስ 3 ከሆነ የባስ 2 ሺፍት ፋክተር ለዚያ መስመር ሁለት ሦስተኛ ነው።

አሁን ነጠላው መስመር ይውደቅ። ፋክተሩን ዜሮ ካደረግሽ ሞዴሉ በ2–3 ላይ 133 ሜጋዋት ያሳይሻል። ሰላም ነው ትያለሽ። በእውነቱ ግን የጎደለውን 300 በሙሉ የባስ 2 ዩኒት ከሸፈነው ፍሰቱ 333 ይሆናል። ገደቡ ታለፈ። ባስ 3 ላይም ምላሽ የሚሰጥ ዩኒት ኖሮ እኩል ከተካፈሉት 233 ነው።

ዜሮ ማድረግ ማለት እንግዲህ «የጎደለውን ሁሉ ስላክ ባስ ይሸፍነው» ማለት ነው። ስላኩን ወደ ባስ 2 ብታዛውሪው መልሱ ሌላ ይሆናል። ለሒሳብ ምቾት የተመረጠ ባስ ገደብና ዋጋ መወሰን የለበትም። በዚህ ላይ አልደራደርም።

የሚሻለው ይህ ነው፦ ለእያንዳንዱ ምላሽ ሰጪ ዩኒት ድርሻ ስጪ፣ ድርሻዎቹ ተደምረው 1 ይሁኑ። በዚያ ገደብ ውስጥ የጄኔሬተርሽ ኮፊሸንት የእነዚያ ዩኒቶች ሺፍት ፋክተር በድርሻቸው ተባዝቶ የተደመረው ነው። እኩል ሲካፈሉ አንድ ሦስተኛ ይመጣል። ዋጋውም ይህን ይከተላል። የገደቡ የጥላ ዋጋ (ገደቡ በአንድ ሜጋዋት ቢላላ የሚቆጠበው ወጪ) 12 ቢሆን የጄኔሬተርሽ ዋጋ በ4 ይቀንሳል፣ የባስ 2 ዩኒት በ8።

ቤዛ
ጋሽ መኮንን ያሉት ላይ ትንሽ ልጨምር። ድርሻውን በደፈናው በአቅም አታከፋፍሉት። ጣሪያው ላይ ደርሶ የሚሠራ ዩኒት ወደ ላይ የሚሄድበት ቦታ የለውም። ያለውን ንፋስ ሁሉ እየሸጠ ያለ የንፋስ ማመንጫም እንደዚያው። በሌላ በኩል ድርሻው ከዲስፓቹ ጋር እንዲቀያየር ካደረጋችሁት የሚፈታው የሒሳብ ጥያቄ ሊኒየር (ተለዋዋጮቹ እርስ በርስ የማይባዙበት) መሆኑ ይቀራል። እኔ ከቀደመው ሶልቭ (ስሌት) ወስጄ ቋሚ አደርገዋለሁ፣ ከዚያ ደግሜ አሰላለሁ።

ነጠላ መስመሮቹን ለመለየት ደግሞ አካፋዩ ዜሮ እስኪሆን አትጠብቂ። በዴሲማል ስህተት ምክንያት በጣም ትንሽ ቁጥር ሊሆንና ሳይታይ ሊያልፍ ይችላል፤ ያኔ የሚወጣው ፍሰት የማይታመን ግዙፍ ነው። የታርጃን የ1974 አልጎሪዝም በግራፍ ውስጥ ያሉ ድልድዮችን (ሲወጡ መረቡን ለሁለት የሚከፍሉ ነጠላ መስመሮችን) በአንድ ዙር ያወጣል። ሁለት መስመር አብረው የሚወድቁበት ኮንቲንጀንሲ ከሆነ ግን ድልድይ መፈለግ አይበቃም። መስመሮቹን አውጥተሽ የተነጠለ ክፍል መኖሩን እዪ።

ሰብለ
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ፣ የባስ 2 ምሳሌ በደንብ ገብቶኛል። አንድ ጥያቄ ቀረኝ። የማስተላለፊያ መብት (ባለቤቱ ከመጨናነቅ ገቢ የሚከፈልበት መብት) ጨረታው ሞዴል እነዚህን ኮንቲንጀንሲዎች አይዝም። ቀጣይ ቀን ገበያው ብቻ ቢይዛቸው ችግር አለው?

መኮንን
አለው። ጨረታው በማያየው ገደብ ላይ ከሚቻለው በላይ መብት ይሸጣል። ቀጣይ ቀን ላይ ያ ገደብ ላይ ሲደረስ የሚሰበሰበው የመጨናነቅ ገቢ (መስመሮች ሲሞሉ በየባሱ ከሚፈጠረው የዋጋ ልዩነት የሚገኘው) ለባለመብቶቹ ላይበቃ ይችላል። ስለዚህ ሁለቱ ላይ አንድ ዓይነት የኮንቲንጀንሲ ዝርዝር፣ አንድ ዓይነት የድርሻ አሰጣጥ ተጠቀሚ። ሌላው ደግሞ፣ እዚያው ተነጣይ ባስ ላይ የሚቀርቡ ቨርቹዋል ጨረታዎችን (ከእውነተኛ ማመንጫ ወይም ጭነት ጋር ያልተያያዙ የመግዣና የመሸጫ ዋጋዎችን) ከጄኔሬተሩ ጋር አብረው ይጠፋሉ ወይስ አይጠፉም የሚለውን ገና ሳትጀምሪ ወስኚ። አይጠፉም ካልሽ በአንድ ባስ ላይ ሁለት ዋጋ ይኖርሻል።