ለገጣፎ ላይ ለሚነዳ ካርቦን ኮርሳ፦ ያገለገለ ጃያንት ወይስ አዲስ የቻይና ስም?

የለገጣፎው (ጥያቄ)

ሰላም ወገኖች። ጉዳዩ ለእኔ ትልቅ ስለሆነ ትንሽ ላስረዝመው ነው፤ ታገሡኝ።

ቅዳሜና እሑድ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ፣ አይሱዙዎቹ መንገዱን ሳይሞሉት፣ ከለገጣፎ በደሴ መንገድ ወጥቼ ሰንዳፋ፣ ጉልበት ካለኝ እስከ አለልቱ ደርሼ እመለሳለሁ። እስካሁን የነዳሁት ከመርካቶ ያገለገለ የገዛሁትን ባለ 8 ማርሽ የአሉሚኒየም ኮርሳ ነው። ሰባት ዓመት አገልግሎኛል። ባለፈው ወር ሳጥበው ግን የታችኛው ቱቦ ከመሪው አንገት ጋር በሚገናኝበት ቦታ ፀጉር የመሰለ መስመር አየሁ። የቀለም ጭረት መስሎኝ ፋቅ ፋቅ ሳደርገው ጥፍሬ ገባበት። ከዚያ ቀን ወዲህ አልወጣሁበትም።

እኅቴ ጀርመን ናት። ለገና ስትመጣ አንድ ሳይክል በካርቶን አድርጋ ልታመጣልኝ ቃል ገብታለች። ገንዘቡ የሦስት ዓመት ቁጠባዬ ነው፤ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ በዩሮ ሲሰላ ምን ያህል እንደቀነሰ ታውቁታላችሁ። ከዚህ በኋላ ሌላ ካርቦን ለመግዛት ብዙ ዓመት ይፈጅብኛል።

አንደኛው ምርጫ የታይዋኑ ጃያንት የሠራው ያገለገለ ቲሲአር አድቫንስድ ዲስክ፣ የ2021 እ.ኤ.አ. ሞዴል ነው። ማርሹ ሺማኖ የተባለው ኩባንያ 105 ብሎ የሚጠራው ባለ 11፣ በገመድ የሚሠራ፤ ቸርኬው አሉሚኒየም። ሁለተኛው ከአዲሶቹ የቻይና ስሞች አንዱ ነው፤ ያልተነካ፣ ከፋብሪካው በቀጥታ የሚላክ። በዚያው ዋጋ 50 ሚሊ ሜትር ከፍታ ያለው የካርቦን ቸርኬና የኤሌክትሪክ ማርሽ አለው፤ ገመዱ በሙሉ በመሪው ውስጥ የተደበቀ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የሚያምረኝ ሁለተኛው ነው። የማውቃቸው ሁሉ ግን «ቻይና ነው፣ መንገድ ላይ ይሰበርብሃል» ይሉኛል። ቁመቴ 1 ሜትር ከ74፣ ክብደቴ 62 ኪሎ ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?

የሱሉልታው

ወንድሜ፣ እኔ የያዝኩት ያንኑ ሰዎች የሚያስፈራሩህን ነው። ሁለት ዓመት ሆነው። እንጦጦን አቋርጬ ወደ ሱሉልታ ስወርድበት፣ ከዚያም እስከ ጫንጮ ስነዳው ፍሬሙ አንድም ቀን አላሳፈረኝም። «ቻይና ነው» በሚል ብቻ አትወስን። ጃያንትም ሜሪዳም በ1972 እ.ኤ.አ. ታይዋን ውስጥ ሲመሠረቱ ለሌሎች ስም የሚሠሩ ፋብሪካዎች ነበሩ፤ ጃያንት ያደገው ለአሜሪካው የሳይክል ኩባንያ ሽዊን እየሠራ ነው። የኛው ፅጋቡ ግርማይ በ2016 እ.ኤ.አ. ከኢትዮጵያ የመጀመሪያው ሆኖ ቱር ደ ፍራንስ ላይ ሲሰለፍ የነዳው ሜሪዳ ነው። በ2025 ደግሞ የአስታና ቡድን ኤክስዲኤስ በሚባለው የቻይና ኩባንያ ሳይክል፣ በኤክስ-ላብ፣ ተወዳድሯል። የትናንት አዲስ የዛሬ ነባር ይሆናል።

የተጎዳሁት በሌላ ነገር ነው። ሳይክሌ ቆሞ ሳለ ወደ ቀኝ ወደቀ፤ ያው የቁም ውድቀት። የኋላ ማርሽ የሚንጠለጠልባት ትንሿ ብረት፣ ሃንገሯ፣ ተጣመመች። ላቃናት ስሞክር ተቆረጠች። እሷ እንኳ የተሠራችው ለዚህ ነው፤ ፍሬሙ እንዳይሰበር እሷ ትሰበራለች። ለፋብሪካው ጻፍኩ። ሞዴሉ ተቀይሯል፣ እንፈልጋለን አሉኝ። ደግሜ ደጋግሜ ጻፍኩ፤ ዝም። አምስት ወር ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ከረመ። በመጨረሻ አንድ ቶርኖ ቤት የተሰበረችውን አይቶ ከአሉሚኒየም ቀርጾ ሠራልኝ፤ እግዚአብሔር ይስጠው፣ እስከ ዛሬ የምሄደው በእሷ ነው።

አዲሱን ከወሰድክ ፍሬሙ ዩዲኤች የሚባለውን ሃንገር የሚቀበል መሆኑን አረጋግጥ። ስራም የተባለው የማርሽና የፍሬን አምራች በ2019 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነው፤ ብዙ ፋብሪካዎች ስለተቀበሉት አንዱ ጋ ብታጣው ሌላው ጋ ታገኘዋለህ።

መካኒኩ፣ ከዓለም ገና

የሱሉልታው ወንድማችን ዋናውን ነክቶታል፤ እኔ ከጋራዡ በኩል ልጨምር። እኔ ጋ የሚመጡ የካርቦን ሳይክሎች ፍሬማቸው ተሰብሮ የሚመጡት ጥቂት ናቸው። የሚበዙት በአንዲት ትንሽ ዕቃ ምክንያት የቆሙ ናቸው። ስለዚህ የፍሬሙን ስም ከማየትህ በፊት የሚፈቱትንና የሚታሰሩትን ቁጠር።

መጀመሪያ ያ የተደበቀ ገመድ። ሲታይ ያምራል። የክረምት ጭቃ የመሪውን አንገት ኩሽኔታ ሲበላው ግን፣ አንድ ኩሽኔታ ለመቀየር የፍሬኑን ቱቦ ፈትቼ፣ አንዳንዴም ቆርጬ፣ ዘይቱን እንደገና መሙላት አለብኝ። የ2021ዱ ቲሲአር ላይ ገመዱ በመሪው ፊት በግልጽ ስለሚያልፍ ያ ጣጣ የለበትም።

የፍሬን ዘይት ነገር ደግሞ እዚህ አገር ትልቅ ነው። ስራም የኮርሳ ፍሬኖቹ ላይ የሚጠቀመው ዶት የሚባለውን ነው፤ ያ የመኪና ፍሬን ዘይት ስለሆነ የመለዋወጫ ሱቅ ሁሉ አለው። ሺማኖ ግን የሚፈልገው ሚኒራል ዘይት ነው። አንድ ደንበኛዬ በሺማኖ ፍሬኑ ውስጥ የመኪና ዘይት አስሞልቶ መጣ፤ ጎሚኒው በሙሉ አብጦ ፍሬኑ ተጣለ። 105 ከወሰድክ እኅትህ አንድ ጠርሙስ ሚኒራል ዘይት፣ ማስገቢያ ሲሪንጁንና ሁለት ሦስት ጥንድ የፍሬን ሸራ ጨምራ ትምጣ።

የጃያንቱን ነውርም አልደብቅህም። የፔዳሉ ኩሽኔታ በጥርስ ተጠምዝዞ የሚታሰር ዓይነት አይደለም፤ ተጨምቆ የሚገባ ነው፣ ቢቢ86 ይሉታል። አቧራ ሲገባበት ዳገት ላይ ቋቋ ይላል። ነገር ግን ሺማኖ ራሱ ቢቢ72 ብሎ ይሠራለታል፤ ርካሽ ነው፣ አንድ ይዞ መምጣት ነው። የጎማ ቸርኬ ኩሽኔታን በተመለከተ፣ ላዩ ላይ ያለውን ቁጥር አንብብ። 6902 ቢሆን፣ 15 በ28 በ7 ሚሊ ሜትር ማለት ነው፣ መርካቶ ኩሽኔታ የሚሸጡት ጋ ጠይቀህ የምታገኘው ዓይነት ነው።

አዲሱን ስም ከመረጥክ የዩሲአይ (የዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር) ምልክት አለው ብለህ ብቻ አትረጋጋ። ያ ምልክት ቅርጹና መጠኑ ከውድድር ደንብ ጋር መስማማቱን ነው የሚነግርህ። የጥንካሬው መመዘኛ አይኤስኦ 4210 ነው፤ ስለሱ ሻጩን ጠይቀው።

ያገለገለውን ከመረጥክ ደግሞ እኅትህ ሳትከፍል በዓይኗ ትየው። የመቀመጫው ብረት ይውጣና ማሰሪያው አካባቢ፣ የፔዳሉ ቤት ዙሪያ፣ የታችኛው ቱቦ ሆድ፣ ፎርኩ፣ ያ የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካ፣ ከአንገቱ ተስቦ ወጥቶ ይታይ። በሳንቲም ቀስ እያለች ትምታው፤ ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የተጎዳው ይታፈናል። ይሄ ፍንጭ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም፤ ጥርጣሬ ካላት ትተወው። የፍሬም ዋስትናው ለመጀመሪያ ባለቤት ስለሆነ አንተን አይከተልህም። አዲሱም ቢሆን የተሰበረ ፍሬም ከለገጣፎ ቻይና ልከህ የምትጠብቅበትን ጊዜና የማጓጓዣ ሒሳብ አስበው።

የኤሌክትሪክ ማርሹ ባትሪ አያሳስብህ፣ አንዴ ተሞልቶ ብዙ ይሄዳል። ሞተሩ ሲሞት ግን እኔ ምንም የማደርግልህ የለም። በገመድ የሚሠራውን በሃያ ደቂቃ አስተካክዬ እሸኝሃለሁ።

አንድ የቃሊቲ አሮጌ ጋላቢ

ልጄ፣ የሰንዳፋን ሜዳ አውቀዋለሁ። ከረፋዱ በኋላ ነፋሱ ከጎን ነው የሚመጣው፤ ከባድ መኪና ሲያልፍህ መጀመሪያ ይጋርድሃል፣ ወዲያው ይለቅብሃል። በ62 ኪሎ 50 ሚሊ ሜትር ቸርኬ ይዘህ አትግባበት። ጎማህን አስፋው፣ ቢቻል 30 ሚሊ ሜትር አድርገው፤ ያ ቲሲአር እስከ 32 ይቀበላል። የአሉሚኒየሙ ቸርኬ ጉድጓድ ቢያጣምመው መልሶ ይቃናል፣ የካርቦኑ ግን ከተሰነጠቀ አበቃ።

የለገጣፎው (ጠያቂው)

ጋሼ፣ ወንድሞቼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ነፋሱን ስታነሡ፣ ባለፈው ጥቅምት አንድ ቦቴ ሲያልፈኝ ወደ አስፋልቱ ዳር የተገፋሁበት ቀን ትዝ አለኝ፤ ያኔ የነበረኝ ቸርኬ ዝቅተኛው ነው፣ እንዲያም ሆኖ።

ትናንት ማታ ከእኅቴ ጋር ሁለት ሰዓት አወራን። ጃያንቱን ነው የምወስደው፣ ፍሬሙ ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ። ቅዳሜ ሻጩ ቤት ሄዳ መቀመጫውን አስወጥታ በቪዲዮ ታሳየኛለች፤ ፎርኩን ደግሞ ሰፈሯ ያለ ሳይክል ጠጋኝ ተከፍሎት እንዲያየው ተስማምተናል። ሻጩ ይሄን እንቢ ካለ ይቀራል።

ካርቶኑ ውስጥ የሚገባው፦ ሃንገር ሁለት (ለዚያው ሞዴል፣ በቁጥሩ)፣ ቢቢ72 አንድ፣ ሚኒራል ዘይትና ሲሪንጅ፣ የፍሬን ሸራ ሦስት ጥንድ፣ ባለ 30 ጎማ ሁለት፣ ካላማዳሪያ አራት፣ ባለ 11 ካቴና አንድ፣ ቡሎኖቹን በልክ የሚያስር ቁልፍ። የሻንጣዋ ልክ 23 ኪሎ ነው። ሳይክሉን ከነካርቶኑ 14 ብንለው 9 ኪሎ ይተርፈናል፤ ጎማዎቹን መዘን እንጨምራለን። መካኒኩ ወንድሜ፣ ለገና ማግስት ዓለም ገና እመጣለሁ፤ አንተው ግጠምልኝ።