«ሜድ ኢን ጃፓን» ከ«ማሺን ሄድ» ለምን በለጠብኝ?

አንድ_ጆሮ፦
ሰላም ናችሁ? ሮክ መስማት የጀመርኩት ዘግይቼ ነው፣ አትሳቁብኝ። ዲፕ ፐርፕል የሚባለውን የእንግሊዝ ሮክ ባንድ አልበም «ማሺን ሄድ»ን ወር ሙሉ ስሰማው ከረምኩ፣ ወደድኩት። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ላይቭ፣ ማለት መድረክ ላይ ተመልካች ፊት የተቀረጸውን፣ አልበማቸውን «ሜድ ኢን ጃፓን»ን ከፈትኩ። ከሰባቱ ዘፈኖች አራቱ ያው እነዚያው የማውቃቸው ናቸው፤ ግን ሌላ ባንድ የሚጫወታቸው ነው የመሰለኝ። «ስፔስ ትራኪን» ማሺን ሄድ ላይ አራት ደቂቃ ተኩል ገደማ ነው፣ እዚህ ወደ 20 ደቂቃ ይጠጋል። ሰሃን ላጥብ ብዬ ነበር የከፈትኩት። ሰሃኑ አለቀ፣ ድስቱ አለቀ፣ ምድጃውን ወለወልኩ፣ ዘፈኑ አላለቀም።

ላይቭ አልበም ሲባል እኔ የማውቀው ያንኑ ዘፈን ጭብጨባ ጨምረውበት ነው። ይሄኛው ምንድነው? በእርግጥ ይበልጣል ወይስ ጭብጨባው እያሞኘኝ ነው? ሌላው ደግሞ ጊታሩ ከሩቅ ነው የሚሰማኝ፣ ጎረቤት ቤት ያለ ነው የሚመስለው። ኦርጋኑ ግን ጆሮዬ ውስጥ ነው የተቀመጠው። ቀረጻው እንዲህ ነው?

ሸክላ_ሰብሳቢ፦
እንኳን ደህና መጣህ ወንድሜ። ጭብጨባው አላሞኘህም። ግን ማሺን ሄድን «የስቱዲዮ አልበም» ማለት ራሱ ግማሽ ውሸት ነው፣ ሰዎቹ ስቱዲዮ የሚባል ቤት አልገቡም።

ስዊዘርላንድ ሞንትሮ የሄዱት ሮሊንግ ስቶንስ የሚባለውን ባንድ ተንቀሳቃሽ ስቱዲዮ፣ ያውም መኪና ላይ የተገጠመ፣ ተከራይተው ካዚኖው አዳራሽ ውስጥ ሊቀርጹ ነበር። ታኅሣሥ 4 ቀን 1971 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ሙዚቀኛ ፍራንክ ዛፓ እዚያው እየተጫወተ አንድ ተመልካች የርችት ሽጉጥ ተኮሰ፣ ካዚኖው ነደደ። «ስሞክ ኦን ዘ ዎተር» ከዚያ የመጣ ነው፣ ሐይቁ ላይ የተኛው ጭስ። ከዚያ ፓቪሊዮን የሚባል ቲያትር ገቡ። ጎረቤት በጩኸቱ አቤት አለ፣ ፖሊስ መጣ። የባንዱ ሠራተኞች በሩን ከውስጥ ይዘው የ«ስሞክ»ን ሙዚቃ እስኪጨርሱ ፖሊሶቹን ደጅ አቆሟቸው ይባላል። በመጨረሻ ግራንድ ሆቴል ገቡ፣ ለክረምት የተዘጋ፣ ባዶ፣ ቀዝቃዛ። ኮሪደሩ ላይ ፍራሽ ደርድረው ድምፁን አፈኑና ቀረጹ።

አሁን የምነግርህ ነው የምወደው። መኪናው ውጭ ነው የቆመው። የቀረጹትን ለመስማት በክፍሎች አልፈው፣ በበረንዳ ዞረው፣ በብርዱ ወጥተው ነው የሚደርሱት። አንድ ሁለቴ ሄዱና ሰለቻቸው። ከዚያ በኋላ ጥሩ ነው ያሉትን ሳይሰሙት ማለፍ ጀመሩ። ስለዚህ ማሺን ሄድ ራሱ ተመልካች የሌለው ላይቭ ነው ማለት ትችላለህ።

ጃፓን የሄዱት ከስምንት ወር በኋላ ነው። ነሐሴ 15 እና 16 ቀን 1972 ኦሳካ፣ 17 ቶኪዮ ቡዶካን አዳራሽ። ቀራጩ ያው ሞንትሮ የነበረው ማርቲን በርች ነው። አምስቱም ተጫዋቾች እነዚያው ናቸው። ላይቭ አልበም የፈለጉትም እነሱ ሳይሆኑ ጃፓኖቹ ናቸው፣ ባንዱማ ከጃፓን እንዳይወጣ ነበር ሐሳቡ።

እና ምን ተለወጠ ካልከኝ፣ ዘፈኖቹ አደጉ። ሞንትሮ ላይ አብዛኞቹ ገና አራስ ናቸው። ኦሳካ ሲደርሱ ስንት መድረክ ላይ ተፈትነዋል። ምስክር ከፈለግህ «ሃይዌይ ስታር»ን እይ። እሱ ከሞንትሮ በፊትም መድረክ ላይ ይጫወቱት ነበር፣ ለዚህ ነው በርዝመትም በመልክም ብዙ ያልተለወጠው። የ«ስፔስ ትራኪን» ጭራ ደግሞ መጀመሪያ የሱ አይደለም። ያ ሁሉ የመጨረሻ ፈጠራ ድሮ «ማንድሬክ ሩት» ከሚባለው የቆየ ዘፈናቸው ጋር የሚሄድ ነበር፣ ኋላ ላይ አንስተው እዚህ ለጠፉት። ሸክላው ላይ አራተኛው ገጽ ሙሉ እሱ ብቻ ነው።

ሆቴል_ኪቦርድ፦
ጋሼ ታሪኩን ጨርሰውታል፣ እኔ ስለ ድምፁ ልበል። የምሠራው ሆቴል ውስጥ ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እራት ላይ እንጫወታለን። ዘፈን ከአምስት ደቂቃ ካለፈ አስተናጋጁ ያየናል። ስለዚህ 20 ደቂቃ የሚጫወት ሰው ስሰማ ቅናት ይሁን አድናቆት አላውቅም።

ጆን ሎርድ ሃሞንድ ኦርጋኑን በማርሻል፣ ማለት በጊታር አምፕ፣ ነው የሚያስጮኸው። ስለዚህ ኦርጋኑ የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን መሆኑ ቀርቶ እንደ ሁለተኛ ጊታር ያጓራል። ማሺን ሄድ ላይም አለ፣ ግን በልክ ነው። ጃፓን ላይ ልጓሙን በጥሷል።

«ሃይዌይ ስታር» አልተለወጠም ላሉት ግን አንድ ልጨምር። የጊታሪስቱ የብላክሞር ሶሎ፣ ማለት ጊታሩ ብቻውን የሚመራበት፣ ማሺን ሄድ ላይ በአንድ ቦታ ሁለት ጊታር ሆኖ አብሮ ይሄዳል፣ ራሱን በራሱ ላይ ደርቦ ስለቀረጸ ነው። መድረክ ላይ አንድ ሰው ነው፣ ሁለት እጅ ነው ያለው። ያ ድርብርቡ የለም። ግን ከስር ቤዙና ድራሙ ክፍተቱን ለመሙላት ሲሮጡ ትሰማለህ፣ ግሎቨርና ፔይስ። እኔ ለዚያ ሩጫ ስል ድርቡን እተዋለሁ።

«ስትሬንጅ ካይንድ ኦፍ ዉማን»ን ደግሞ በደንብ ስማው። ጊታሩ አንድ ነገር ይላል፣ ዘፋኙ ጊላን በጉሮሮው ይመልሳል። ጊታሩ ከፍ ያደርገዋል፣ ጊላንም ከፍ። ቅኔ እንደሚቀባበሉ ሁለት ሰዎች በለው፣ መጨረሻ ላይ ጊላን ጊታር የማይደርስበት ቦታ ላይ ወጥቶ ይጮሃል። ይሄ ስቱዲዮ ውስጥ አይወለድም፣ የሚያሸንፍበት ሕዝብ ያስፈልገዋል።

ወዳጄ አንድ_ጆሮ፣ ስምህ አሳሰበኝ። ኢርፎንህ ሁለቱም ጎን ይሠራል? እዚህ አልበም ላይ ጊታሩ በአንድ ጎን፣ ኦርጋኑ በሌላው ነው የተቀመጠው።

ደረቅ_ቡና፦
ሁላችሁም ስታጨበጭቡ አንድ ሰው መቃወም አለበት፣ እኔ ልሁን።

«ስሞክ»ን አነጻጽሩት። ማሺን ሄድ ላይ መጀመሪያ ጊታሩ ብቻውን፣ ከዚያ ሌላው አንድ በአንድ እየገባ ይገነባል፣ ቤት ሲሠራ እንደማየት ነው። ላይቩ ላይ መግቢያው ያንኑ ቢመስልም ያ ትዕግሥት የለም። የኦሳካን የመጀመሪያ ምሽት የመረጡትም ብላክሞር መግቢያውን እንደ አልበሙ አድርጎ የተጫወተው ያን ቀን ብቻ ስለሆነ ነው ይባላል፣ ታዲያ እነሱ ራሳቸው ዳኛው ስቱዲዮው ነው አላሉም? 1973 ላይ አሜሪካ በነጠላ ሸክላ ሲወጣ በአንዱ ገጽ የአልበሙ፣ በሌላው የላይቩ ነበር። ቢልቦርድ በሚባለው የአሜሪካ የዘፈን ደረጃ ላይ 4ኛ የደረሰው ያ ነው፣ ዋናው ገጽ ደግሞ የአልበሙ ነበር።

«ፒክቸርስ ኦፍ ሆም» ላይቩ ላይ ጭራሽ የለም። በኔ ቤት ማሺን ሄድ ላይ ካሉት ሁሉ አንደኛ እሱ ነው። በሱ ቦታ «ዘ ሚዩል»ን አምጥተው ድራም ሶሎ። ፔይስን አከብራለሁ፣ ግን ዕቃ ቤቱ ሲወድቅ መስማት የምችለው ሦስት ደቂቃ ነው።

ደግሞ «ላይቭ» የሚለው ቃል አያሞኛችሁ። ቲን ሊዚ የሚባለውን ሌላ ሮክ ባንድ የ1978 ላይቭ አልበም የሠራው ፕሮዲዩሰር ቶኒ ቪስኮንቲ አብዛኛው ስቱዲዮ ገብቶ እንደገና ተቀድቷል ይላል፣ የባንዱ ወገን ደግሞ ውሸት ነው ይላል። እስከ ዛሬ አልተስማሙም።

ሸክላ_ሰብሳቢ፦
ደረቅ_ቡና፣ «ፒክቸርስ ኦፍ ሆም» ላይ አልከራከርህም፣ ልክ ነህ። ድራም ሶሎውን ግን ተወው፣ ሸክላ ላይ ገጽ ለመገልበጥ ከመነሳትህ በፊት ቡናህን የምትጨርስበት ነው።

በቲን ሊዚ ጉዳይ ግን ጃፓኑን አብረህ አትክሰስ። ይሄኛው በ8 ትራክ፣ ማለት በስምንት የድምፅ መስመር ብቻ፣ የተቀረጸ ነው፣ እንደገና ለመቀባባትም ጊዜውም ፍላጎቱም አልነበራቸውም። ስህተቶቹ እዚያው አሉ። በዘፈኖች መሃል ሞኒተሩን፣ መድረክ ላይ ራሳቸውን የሚሰሙበትን ስፒከር፣ ከፍ አድርግልኝ ሲባባሉ ይሰማል፣ ያኔ ነው ጊላን ድምፅ ሰውየውን «ሁሉም ነገር ከሁሉም ነገር በላይ እንዲጮህ ማድረግ ይቻላል?» የሚለው። ይሄን የሚያጸዳ ሰው ቢኖር ኖሮ መጀመሪያ የሚቆርጠው እሱን ነበር።

አንድ_ጆሮ፦
ሆቴል_ኪቦርድ እግዜር ይስጥህ። የቀኝ ኢርፎኔ ከሞተ ሁለት ወር ሆኖታል፣ ስሜንም ያወጣሁት ከሱ ነው፣ እና እዚህ መጥቼ ጃፓኖቹን ስወቅስ! ዛሬ ከምሳ በኋላ አዲስ ገዛሁ። ካፌ ቁጭ ብዬ «ሌዚ»ን ከፈትኩ። ኦርጋኑ ብቻውን ረጅም መንገድ መጣ፣ መጣ፣ ከዚያ በሌላኛው ጆሮዬ ጊታሩ ገባ። ዞሬ አየሁ በእውነት፣ ከኋላዬ ሰው የገባ መስሎኝ። አጠገቤ ያለችው ልጅ ስልኳን አንስታ ወንበር ቀየረች።

«ዘ ሚዩል»ን ግን እኔም ዘለልኩት፣ ይቅርታ ጋሼ።