«የቦክሰር ካም ለሕንድ ሜዳ ነው የተሠራው» ያለው መካኒክ

ሱሉልታው፦ ቡራዩ አንድ ጋራዥ ቦክሰር ሞተር ሳይክሉን (የሕንዱ ባጃጅ ኩባንያ ሥሪት) ሊያሠራ የሄደ ልጅ ቪዲዮ ላከልኝ። መካኒኩ ካምሻፍቱን፣ ማለትም ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ፣ በጨርቅ እየወለወለ «ይሄ ለሕንድ ሜዳ ነው የተሠራው፣ እዚህ አየሩ ሳስቷል፣ ረዘም ያለ ካም ካልገባበት ዳገት አይወጣም» ይላል። ልጁም ደስ ብሎት ከፍሏል። ኧረ በፈጠራችሁ! አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ናት፣ እኛ ሱሉልታዎች ደግሞ ከ2500ም በላይ ነን። እዚህ ሲሊንደር ውስጥ የሚገባው አየር ባሕር ወለል ላይ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። የፈለግከውን ካም ግጠም፣ ቱርቦ ካላስገባህ በቀር ያ ሩብ አይመለስም።

ቦክሰር አባት፦ ሰውዬው ካም አየር ያመርታል አላለም እኮ። ቫልቩ ረዘም ላለ ጊዜ ይከፈትና ብዙ ያስገባል ነው ያለው። በሩ ብዙ ሲከፈት ብዙ ይገባል። ምኑ ነው የከበደህ?

የቴስታታ ልጅ፦ በሩ ብዙ ሲከፈት ይወጣልም። ረጅም ካም የመግቢያውን ቫልቭ ዘግይቶ ነው የሚዘጋው። ፒስተኑ ወደ ላይ መመለስ ጀምሯል፣ ቫልቩ ግን ገና ክፍት ነው። ሞተሩ በደቂቃ በ8000 ዙር ሲጮህ ችግር የለም፣ የሚገባው አየር ፍጥነት ስላለው ራሱን እየገፋ ይሞላል። በ3500 ዙር ግን የገባውን መልሶ ወደ ካርቡሬተሩ ይተፋዋል። አሁን ንገረኝ፣ አንድ ሰውና አንድ ኩንታል ጭነህ የእንጦጦን ዳገት ስትወጣ በስንት ዙር ነው የምትሄደው?

ቦክሰር አባት፦ ማርሽ ቀንሼ ዙር አስይዤ እወጣለሁ።

የቴስታታ ልጅ፦ ቦክሰር 150 ጉልበቱን የሚሰጥህ 7500 ዙር አካባቢ ነው፣ እሱም ወደ 12 ፈረስ ነው፣ ያውም ባሕር ወለል ላይ። የመጎተት አቅሙ የሚበዛው ግን 5000 አካባቢ ነው። ረጅም ካም ይህንን ከ5000 አንስቶ ወደ ላይ ይወስድብሃል። ጭነት የሚያነሳው ደግሞ እሱ ነው።

ለገጣፎ ሌሊት፦ እናንተ ሁሌ ጭነት ጭነት። ሁሉም ሰው ዴሊቨሪ አይሠራም። እኔ አፓቼ ሞተሬ ላይ ካም አስቀይሬያለሁ፣ ከ6000 በላይ እሳት ነው።

ሱሉልታው፦ ከ6000 በታችስ?

ለገጣፎ ሌሊት፦ ከ6000 በታች ማን ይነዳል ባክህ።

ሱሉልታው፦ የለገጣፎ መንገድ ላይ ያሉት ጉብታዎች ይመስክሩ። አንድ በአንድ ፍሪሲዮን እያቃጠልክ እንደምታልፋቸው ሰምተናል።

ሰንዳፋ ጠዋት፦ ወደ ዋናው ልመልሳችሁ። «ለሕንድ ሜዳ» ማለት ምን ማለት ነው? ሕንድ ሜዳ ብቻ ናት እንዴ? ሂማላያ የማን ነው? ሌህ የሚባለው ከተማቸው 3500 ሜትር ላይ ነው ያለው። ሰው በዚያው በባጃጅ ኩባንያ ሞተር ሳይክል ይወጣዋል።

ቦክሰር አባት፦ እየተሳበ ነው የሚወጣው። የባጃጅ ዋና መሥሪያ ቤት ያለው ፑኔ ከተማ ነው፣ ፑኔ ደግሞ 600 ሜትር እንኳ አትሞላም። ሞተሩንም እዚያው ሰፈራቸው ሳይሞክሩት አይቀሩም። ለሜዳ ነው ማለት ይሄ ነው።

ሰንዳፋ ጠዋት፦ ለፑኔ ተስተካክሎ ከመጣ የሚቀየረው የካርቡሬተሩ ጄት (ቤንዚን የሚያልፍበት ቀዳዳ) ነው። እዚህ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛበታል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ሞተሩ ይታፈናል። ጄቱን አንድ ቁጥር ቀንስና ሞክረው። ካሙ ስንት ሜትር ላይ እንዳለ አያውቅም። እሱ ክራንኩ ሁለቴ ሲዞር አንዴ ይዞራል፣ በቃ ሥራው ይሄው ነው።

ቦክሰር አባት፦ «ካሙ አያውቅም» አለ! ጄቱስ ያውቃል?

ሰንዳፋ ጠዋት፦ ሙድ ለመያዝ ከሆነ ቀጥል። ዳገት የቸገረው ሰው የፊቱን የካቴና ጥርስ ከ14 ወደ 13 ያውርድ። ጎማው ላይ ከ7 በመቶ በላይ የመጎተት አቅም ይጨምርለታል። ከላይ ፍጥነት ይቀንሳል፣ ግን ማን አሳደደው። አንድ ጥርስ ከካም ጋር ዋጋው አይገናኝም።

ሰበታ ሊፋን፦ ይቅርታ ጣልቃ ልግባና፣ የኔ ሞተር ሊፋን ሲጂ ነው። የመግቢያውን አፍንጫ (ቫልቩን የሚገፋውን የካሙን ጉብታ) ረዘም አድርጌ የመውጫውን እንዳለ ልተወው አስቤ ነበር። ይሻላል?

የቴስታታ ልጅ፦ ሲጂ ከሆነ የምትተወው የለህም ወንድሜ። አፍንጫው አንድ ነው! ያው አንዱ ሁለት ሮከር (ማንሻ ክንድ) እያነሳ መግቢያውንም መውጫውንም ይገፋል፣ ከዚያ ግፊቱ በዘንግ ወደ ቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) ይወጣል። ካሙን የሚያዞር ካቴና የለውም፣ ካሙ ታች ነው ያለው፣ በጥርስ ነው የሚዞረው። ሆንዳ ሲጂን በፈረንጅ 1976 እንዲህ አድርጎ ያወጣው ዘይት መቀየር ለሚረሳ ሰው ጭምር እንዲበረክት ብሎ ነው። አንዱን ስትነካ ሁለቱንም ነካህ።

ለገጣፎ ሌሊት፦ ሰበታዎች ሁለተኛውን አፍንጫ ፍለጋ ሶማሌ ተራ እንዳትሄዱ ብቻ 😂

ሰበታ ሊፋን፦ አመሰግናለሁ የቴስታታ ልጅ። ሌላውን እግዜር ይይለት።

ቦክሰር አባት፦ አዲስ ካም ውድ ነው ለምትሉ፣ የራሱን ካም ሬቲፊካ (የሞተር ዕቃ የሚሞርድ ቤት) ወስዶ ማስሞረድም ይቻላል። እዚህ ሰፈር የሚሠራ አለ።

የቴስታታ ልጅ፦ ይሄን ደግሞ እባክህ በደንብ ተናገረው። ከአፍንጫው ላይ ጨምሮ ማንሳት ስለማይችል ከጀርባው ክብ ላይ ነው የሚሞርደው። ጀርባው ሲቀንስ ከፍታው የጨመረ ይመስላል። ግን ካሙ ከላይ የተጠነከረ ስስ ቆዳ ነው ያለው፣ እሱ ከተላጠ ከሥር ያለው ብረት ለስላሳ ነው፣ ሮከሩ ይበላዋል። ባለፈው አንዱን ከፈትኩት፤ ከተሞረደ ገና ብዙም አልነዳም ነበር። አፍንጫው ላይ ጥፍር የሚይዝ ቦይ ወጥቷል፣ የሮከሩ ፊት ተቆፍሯል፣ ዘይቱን በጣቴ ሳሸው ብር የመሰለ ብናኝ ያብረቀርቃል። ያ ብናኝ ደግሞ ካሙ ጋ አይቀርም፣ ፒስተኑም ጋ ይደርሳል፣ ፋሻውንም (የፒስተኑን ቀለበት) ይፍቃል።

ቦክሰር አባት፦ ያ የሞራጁ ችግር ነው እንጂ የሐሳቡ አይደለም።

የቴስታታ ልጅ፦ ሞራጁ ከዚያ በኋላ ቫልቩ ፒስተኑን እንዳይመታ ለካ? የሕፃናት ፕላስቲሲን ፒስተኑ ላይ ለጥፈህ፣ ቴስታታውን አስረህ፣ በእጅህ ሁለት ዙር አዙረህ፣ ከፍተህ በምላጭ ቆርጠህ ትለካዋለህ። ለመግቢያው ቢያንስ 1.5 ሚሊ፣ ለመውጫው 2 ሚሊ ክፍተት ይኑር። የቫልቩ ሞላስ? ከፍታው ሲጨምር ሞላው እስከ መጨረሻው ተጨምቆ እንዳይነካካ ማየት ነው። ይህንን የሚያደርግ ጋራዥ አሳየኝና ዝም እላለሁ።

ለገጣፎ ሌሊት፦ እሺ እኔም ቁም ነገር ልናገር። እዚህ ከፍታ ላይ ሲሊንደሩ በደንብ ስለማይሞላ ሞተሩ በቀላሉ አያንኳኳም፣ ማለትም ቤንዚኑ ያለጊዜው አይነድም። ስለዚህ ቴስታታውን ትንሽ ላጭተህ ኮምፕረሽኑን (አየሩ የሚታመቅበትን መጠን) ከፍ ማድረግ ትችላለህ። ያኔ ረዘም ያለውን ካም ይሸከመዋል፣ ከታችም አይሞትም። ካሙ ብቻውን አይሠራም ብትሉ እስማማ ነበር። ጭራሽ አይሠራም ስትሉ ግን ሌላ ነው።

ሱሉልታው፦ ይሄ ቢያንስ ነገር ነው። ግን አዋሽ ስትወርድስ? 1000 ሜትር ገደማ ላይ፣ በዚያ ሙቀት፣ የላጨኸው ቴስታታ ሲያንኳኳ ትሰማዋለህ።

ለገጣፎ ሌሊት፦ እኔ አዋሽ ምን እሠራለሁ?

ሱሉልታው፦ የቡራዩው ልጅ ግን እስከ አዋሽ ጭነት ያደርሳል። ክርክሩ በሱ ሞተር ነው የተነሳው እንጂ ባንተ አፓቼ አይደለም።

ጋሽ ማርሚታ፦ ልጆች፣ ካሙን ተዉትና አንድ ነገር ልጠይቅ። ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ከለገጣፎ እስከ ሰንዳፋ የሚያጓሩት እነማን ናቸው? በ2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሞተር ስትከለክል ስንቱ ሠርቶ አዳሪ እንጀራው እንደቆመ ረሳችሁት? ፈቃድ ያገኘው አገኘ፣ ያላገኘው ወደ ዳር ወጣ። አሁን ዳሩንም ሸገር ከተማ እንዲከለክለው ነው የምትጣሩት?

ለገጣፎ ሌሊት፦ ጋሼ፣ ጩኸቱ ከማርሚታው (ከጭስ ማውጫው) ነው የሚመጣው። ካም እንደዚያ አይጮህም።

ጋሽ ማርሚታ፦ እኔ ስተኛ ከየት እንደመጣ አልመረምርም። ለከልካዩም እንደዚሁ ነው። አንዱ ለመዝናናት ያጓራል፣ መቶው ይከለከላል።

ቦክሰር አባት፦ ጋሼ ልክ ናቸው። ግን ሚኒሞው ሲያዝ (ቆሞ በዝቅተኛ ዙር ሲሠራ) ዱብ ዱብ የሚለው የካም ሞተር ደስ አይልም እንዴ?

ጋሽ ማርሚታ፦ አንተም ከነሱ ነህ ማለት ነው።

ሰንዳፋ ጠዋት፦ ኤሌክትሪክ ግዙና ተገላገሉ። ካም የለው፣ ቫልቭ የለው፣ አየሩ ቢሳሳም ጉዳዩ አይደለም።

የቴስታታ ልጅ፦ መብራት ሲጠፋ በምን ትሞላዋለህ?

ሰንዳፋ ጠዋት፦ ቤንዚን ሲጠፋ አንተ በምን ትሞላዋለህ?

ሱሉልታው፦ ይሄን ሌላ ቀን። ቦክሰር አባት፣ እኔ የፋብሪካውን ካም ይዤ፣ ጄት ቀይሬ፣ በ13 ጥርስ እመጣለሁ። አንተ ያንን ረጅም ካም አስገጥመህ ና። ቅዳሜ ጠዋት ከሽሮ ሜዳ ተነስተን እስከ እንጦጦ ጫፍ። ሁለታችንም ሰው ጭነን።

ቦክሰር አባት፦ ቀድሜህ ከወጣሁ «ለሕንድ ሜዳ ነው የተሠራው» ብለህ እዚሁ ትጽፋለህ።

ሱሉልታው፦ ከ4000 ዙር ሳታልፍ ከወጣህ እጽፋለሁ።

ቦክሰር አባት፦ አሃ፣ አሁን ደግሞ ዙር ወሰንክ! 4000 ከየት መጣ?

ለገጣፎ ሌሊት፦ እኔ ዳኛ ነኝ። ቤንዚን በማን ነው?